የስኮርታ ጎማ ሕመም

የታመመች መኪና እያስጎተተ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚለኝ ታውቃላችሁ? «ምንም አልሆነችም» ነው የሚለኝ። በገመድ ታስራ መጥታለች። ከኋላ የሚገፏት ሰዎች ላባቸውን እየጠረጉ ነው። እሱ ግን ምንም አልሆነችም ይላል። ታዲያ ለምን መጣች? ልትጠይቀኝ?

ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ንፋስ መውጫ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረች ቦታ አለችኝ። ድሮ ሥራው ቀላል ነበር። ባትሪ ሞተ፣ ዲናሞ አልሞላ አለ፣ ሞተሪኖ አልዞር አለ፣ ፊውዝ ተቃጠለ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ መሞከሪያ አምፖልና አንድ ፒንሳ ይዞ ቤተሰብ ማስተዳደር ይቻል ነበር። በኋላ ኮምፒውተር ያላቸው መኪኖች መጡና ነገሩ ተወሳሰበ። እነዚህ መኪኖች ራሳቸውን ይመረምራሉ። የት እንዳመማቸው ያውቃሉ። ግን አይናገሩም። ዳሽቦርዱ ላይ ቼክ የምንላትን ቢጫ መብራት ያበሩና ዝም ይላሉ። ሕመማቸውን በቁጥር ጽፈው ሆዳቸው ውስጥ ያስቀምጡታል። ቁጥሩን ኮድ እንለዋለን። ኮዱን ለማንበብ ደግሞ ከመሪው ሥር የሚሰካ ማንበቢያ ያስፈልጋል። እኔም አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ገዛሁ።

ማንበቢያው ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። የአገሬው ሰው ግን «ኮምፒውተሩ» ነው የሚለው። ሙላት ኮምፒውተር አመጣ ተባለና መኪና የሌለው ሰው ሳይቀር ሊያየው መጣ። አንድ ሽማግሌ በሬያቸውን እየጎተቱ ከገበያ ሲመለሱ ቆም ብለው አዩኝ አዩኝና፣ የከብትም ሕመም ያነባል ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም አባቴ፣ መሰኪያ ቀዳዳ ያስፈልገዋል አልኳቸው። በሬያቸውን ዞር ብለው ከፊትም ከኋላም አዩትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ችግሩ ማንበቢያው አይደለም። ችግሩ ሰዉ ነው። በእኛ አገር አዋቂ ዘንድ የሄደ ሰው የሆነውን አይናገርም። አዋቂው ራሱ ፈልጎ ያግኘዋ! ተናግሮ ካሳወቀውማ ምኑን አዋቂ ሆነ? ይህ ልማድ ከሰው ወደ መኪና ተሻግሯል። መኪናዋ ስትጠፋ ምን ድምፅ አሰማች? አላውቅም። ከዚያ በፊት ማን ነካካት? ማንም። ጎርፍ ውስጥ ገብታ ነበር? ኧረ በስመ አብ! እኔ እጠይቃለሁ፣ ባለቤቱ ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ መልሱን በክንዱ ይሸፍናል።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከስማዳ፣ ከወገዳ መጣ። ማንበቢያውን ስሰካው ኮዱ መዓት ነው። መኪናዋ ሁሉ ቦታ ያማታል። ምን ሆና ነው ስለው፣ እኔ ከነገርኩህማ አንተ ምኑን አወቅኸው አለኝ። ጠዋቱን ሙሉ ሽቦ ስፈታ ዋልኩ። በመጨረሻ አንዱን የሽቦ እስር ስገልጥ አይጥ ከነልጆቿ ተኝታለች። ሽቦውን በልታ፣ ልባሱን ለጎጆዋ አንጥፋዋለች። ለካ ክረምቱን የስማዳ መንገድ አላሳልፍ ብሎት መኪናዋን ያከረማት ባቄላ ከተቆለለበት ቤት ውስጥ ነው። ይህን ጠዋት ብትነግረኝ ምን ነበረበት አልኩት። እሱ ግን አዝኖ አየኝ፣ ለእኔ ሳይሆን ለማንበቢያው። ታዲያ ኮምፒውተርህ ባቄላ ቤት መክረሟን አልነገረህም እንዴ አለ።

ሌላው ደግሞ ቢጫዋ መብራት ላይ የመልአክ ሥዕል ለጥፎባት መጣ። ስትበራ ስላስፈራችው ነው። እኔ መብራቷን ማየት አለብኝ፣ ግን መልአክ በጥፍር እልጣለሁ? ራስህ አንሣው አልኩት። ተሳለመውና አነሣው። መብራቷ ከሥሩ ቦግ ብላ ጠብቃናለች። ስንት ቀኗ ነው ስለው፣ ሥዕሉን አጥፎ ወደ ኪሱ መክተት ጀመረ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር እንድትረዱልኝ ስለ ኮድ አንዲት ነገር ማወቅ አለባችሁ። ኮድ ሕመሙ የተሰማበትን ቦታ ነው የሚናገረው። ሕመሙ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ለምሳሌ የናፍጣውን ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለ። ከሴንሰሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ከሚገባው በታች ከወረደ ኮምፒውተሩ «የግፊት ሴንሰር መሥመር፣ ዝቅተኛ» የሚል ቁጥር ይጽፋል። ሴንሰሩ ሞቷል አላለም። ሽቦው ተቆርጦ፣ ሶኬቱ ላልቶ፣ ወይ ሶኬቱ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ግን የሴንሰሩን ስም ሲሰማ ሮጦ ሴንሰር ይገዛል። እኔ አልቸኩልም። ቢያንስ ከአያ አስረስ መኪና በፊት የማልቸኩል ይመስለኝ ነበር።

አያ አስረስ ገብስ አምራች ነበሩ። ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ባሕር ዛፋቸውን ቆርጠው፣ በሬዎቻቸውን ሸጠው፣ ያገለገለች ሚኒባስ ገዙ። መንጃ ፈቃድ አውጥተው ራሳቸው ይነዷታል። ከንፋስ መውጫ አርብ ገበያ ከተማ ባለው መሥመር ነው የሚሠሩት። ዕድሜ ልካቸውን በሬ ሲነዱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ መኪናዋን ያናግሯታል። ዳገት ላይ «ነይ! በርቺ! ነይ የኔ እመቤት!» ሲሏት ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ሁሉ አብሮ ያበረታታል ይባላል። እውነት ለመናገር ደስ የምትል መኪና ነበረች። ሰዉም ይወዳቸው ነበር።

አንድ ቀን ከባለቤታቸው ከእትየ ጥሩ ጋር መጡ። አያ አስረስ እንደ ልማዱ ምንም አልሆነችም አሉ። እትየ ጥሩ ግን ጠንካራ ሴት ናቸው፣ ነገር አያንጠለጥሉም። «ምን ምንም አልሆነችም ትላለህ! ዳገት ላይ እንዳረጀች በቅሎ ትለግማለች!» አሏቸው። ማንበቢያውን ሰካሁ። ያው የነገርኳችሁ ኮድ ነው፣ የናፍጣ ግፊት ሴንሰር መሥመር ዝቅተኛ። መኪና ይህን ሲያይ ራሱን ለማዳን አቅሙን ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ይሞታል። የፊት ወንበሩን አነሣሁ። የዚህች መኪና ሞተር ከወንበሩ ሥር ነው። የሴንሰሩ ሶኬት መቆለፊያ ተሰብሮ ላልቷል። የጠጠር መንገድ ሥራ ነው። አጥብቄ አሰርኩት፣ ኮዱን አጠፋሁት። ሥራው አለቀ።

እትየ ጥሩ ግን አልሄዱም። «የት ላይ ነው ያመማት?» አሉኝ።

ስለ ሥራዬ ሰው ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ወንበሩን እንደገና አንሥቼ ጣቴን ሶኬቱ ላይ አሳረፍኩ። እዚህች ላይ ነው እትየ፣ ይችን ጥቁሯን ያዩዋታል? አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ማየት ብቻ ሳይሆን ቦታውን ደግመው ጠየቁኝ፣ እኔም ደግሜ አሳየኋቸው። እንዲህ የሚጠይቅ ደንበኛ ቢበዛልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ወሩ ሳይሞላ ተመልሰው መጡ። ያው ኮድ ነው። ሶኬቱን ስነቅለው ውስጡ እርጥብ ነው፣ ነጣ ያለ ጭቃም አለበት። የመንገድ አቧራ ነው ብዬ ጠራረግሁት። ውሃ ነክቷት ነበር ወይ አልኩ። አያ አስረስ ሰማይ ሰማዩን አዩና «ኧረ በጭራሽ» አሉ። እትየ ጥሩ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ መጠርጠር ነበረብኝ፣ ግን አልጠረጠርኩም።

በሚቀጥለው ወር ደግሞ መጡ። አሁን እኔም ተናደድኩ። ቸኮልኩና ሴንሰሩ ነው አልኩ። አያ አስረስ ባሕር ዳር ሄደው አዲስ ገዝተው መጡ፣ ቀየርኩት። ተሻላት። ከወር በኋላ ተመልሳ ታመመች። እንግዲያው የነዳጅ ፔዳሉ መሥመር ይሆናል ብዬ እሱን ፈታትቼ አየሁ። ምንም የለውም። ለጥንቃቄ ያህል ግን ምናልባት እዚህም ላይ ሊሆን ይችላል ብዬ የፔዳሉን ሶኬት በጣቴ ለእትየ ጥሩ አሳየኋቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የፔዳሉም ኮድ ተጨምሯል። እኔ ጣቴን ያሳረፍኩበት ቦታ ሁሉ ይታመማል! ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር እንዲህ ያለ መኪና አይቼ አላውቅም። ጣቴን ራሱ መጠርጠር ጀመርኩ።

ነገሩ ለእኔ ብስጭት ነው፣ ለአያ አስረስ ግን ኑሮ ነው። መኪናዋ አርብ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ተሳፋሪው ይወርዳል። ሽማግሌው በምርኩዝ፣ ሴቷ ዶሮዋን ታቅፋ በእግር ይወጣሉ። መኪናዋ ባዶዋን ከኋላቸው ታዘግማለች። ወረፋዋ ሲደርስ ሰዉ «የቀጣዩን እንጠብቃለን» ይላል። ዓይን በልቷታል ያለም አለ። እንዲህ ያለ ወሬ ከወጣባት በኋላ ብትድንም ማን ይሳፈርባታል? በመጨረሻ ከደብረ ታቦር አንድ ደላላ መጥቶ አነጋገራቸው። አርብ ዕለት አርብ ገበያ ላይ አይቶ ሊወስዳት ተስማሙ። በስንት እንደሆነ አልነገሩኝም። ፊታቸውን አይቼ አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ ዕለት ብቻቸውን መጡ። «እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ እያት። ከሸጥኋት ወደ እርሻየ ነው የምመለስ። ወደ እርሻየስ በምን እመለሳለሁ? በሬዎቹ የሉ» አሉኝ። እኔም ልቤ ተነካ። እጄን ታጥቤ፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቼ፣ ወንበሩን አነሣሁ።

በዚያ ቀን መቸኮሉን ተውኩት። ሶኬቱን ነቅዬ ወደ ፀሐይ ይዤው ወጣሁ። ነጩ ጭቃ አለ። ግን የእኛ አገር መንገድ አቧራ መቼ ነጭ ሆነ? ቀይ ነው፣ ሲብስ ጥቁር ነው። በጣቴ አሸት አሸት አደረግሁት። ልስልስ ያለ አመድ ነው። ይህን አመድ የት ነው የማውቀው? አላስፈለገኝም ብዙ ማሰብ። ከልጅነቴ ጀምሮ ግንባሬ ላይ ነው የማውቀው። እምነት ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው፣ ከጠበል ጋር በጥብጠን የምንቀባው እምነት!

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። መኪናዋ ሁልጊዜ የምትታመመው የደብሩ ወርኃዊ በዓል ካለፈ በኋላ ነው። የደብሩን ስም አልጠራም፣ ታቦቱን የሚያውቅ ቀኑንም ያውቃል። አያ አስረስን አየኋቸው። አያ፣ ይኸን ማን ቀባው አልኩ። መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ።

«እሷ ናት» አሉ በመጨረሻ። «በየወሩ በበዓሉ ጠበል ታመጣለች። መጀመሪያ ከላይ ከላይ ነበር የምትረጫት። ኋላ አንተ የሚያማትን ቦታ ስታሳያት ጊዜ፣ እንግዲያማ ሕመሙ ላይ ነው መቀባት ብላ... አንተ ያሳየኻትን ነው የምትቀባው። ሌላ አትነካም።»

ለምን አልነገሩኝም ስላቸው ያልጠበቅሁትን መልስ ሰጡኝ። «ጠበል አበላሻት ልበልህ? በየት አፌ?» አሉ።

እንግዲህ እዩት ጉዱን። ኤሌክትሪክ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፣ አመድና ውሃ ተደባልቀው ሶኬት ውስጥ ከገቡ ኤሌክትሪኩ ያለ መንገዱ ይሾልካል። ሴንሰሩ የላከው ኮምፒውተሩ ዘንድ ሲደርስ ዝቅ ይላል። ኮዱ ልክ ነበር። እኔም ልክ ነበርኩ። ልክ በመሆኔ ነው መኪናዋ የምትታመመው! ቦታውን አስተካክዬ ባሳየሁ ቁጥር እትየ ጥሩ አስተካክለው ይቀባሉ።

ሶኬቶቹን በቤንዚን አጠብኩ፣ ከጎረቤቴ ከጎሚስታው አየር ወስጄ ነፋሁ፣ በናስትሮ፣ በሽቦ ፕላስተር፣ ጠቀለልኩ፣ ኮዱን አጠፋሁ። መኪናዋ ታሽካካ ጀመር። ግን ምን ዋጋ አለው? ወርኃዊው በዓል ሐሙስ ነው። ደላላው አርብ ነው። እትየ ጥሩ ደግሞ ናስትሮ የሚያቆማቸው ሴት አይደሉም። አያ፣ እርስዎ ይንገሯቸው አልኩ። «አንተ ንገራት፣ የተማርህ አንተ ነህ» አሉኝና መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። እንዲህ ስትሰሙኝ እኔ ጠበል የማላምን እንዳይመስላችሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ምጥ ጠንቶባት ሳለ ሌሊት ተነሥተው ይህንኑ እምነት ይዘው የደረሱልን እትየ ጥሩ ናቸው። ያን ጊዜ ተንበርክኬ ተቀብያለሁ። ሳይንሱ እንዴት ነው አላልኩም። ታዲያ ለእኒህ ሴት ምን ብዬ ልንገራቸው?

ግቢያቸው ውስጥ ጎረቤቶቻቸው ምስር ይለቅማሉ። ወደ ጎን ልጠራቸው አሰብኩ፣ እትየ ጥሩ ግን ወደ ጎን የሚጠሩ ሰው አይደሉም። እዚያው ጀመርኩ። እትየ፣ ይኸ ሽቦ የሚባል ነገር እርጥበት አይወድም፣ አመድም አይወድም አልኩ። የሚለቅሙት ምስር ላይ እጃቸው ቆመ። የጎረቤቶቹም እጅ ቆመ።

«ጠበሉ ነው የሚያበላሻት ትላለህ?»

ስንት ዓይን እንዳየኝ አልቆጠርኩም። ኧረ እኔ! እንዴት ብዬ! እኔ እኮ ያልኩት ስለ ክረምቱ ዝናብ ነው አልኩ። ክረምት ከወጣ ቆይቷል። ላቤን እየጠረግሁ ወጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ ቄስ ይባቤ ዘንድ ሄድኩ። ቄስ ይባቤና እኔ አንድ የኔታ ዘንድ ነው ዳዊት የደገምነው። እሳቸው ቀጠሉ፣ እኔ ሽቦ ይዤ ቀረሁ። የደብሩ አገልጋይ እሳቸው ናቸው፣ እምነቱንም የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«እውነት ነው፣ ከእኔ እጅ ነው የወሰደችው» አሉኝ። «ለግንባር ብየ ነው የሰጠኋት። ለሽቦ አላልሁም።»

እንግዲያ ይንገሯቸዋ፣ ከእርስዎ አፍ ከሆነ ይሰማሉ አልኩ።

«እኔ?» አሉ። መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ስማኝ ሙላት። አምና ንቦቿ ሲታመሙባት ቀፎውን በጠበል ልታጥብ ተነሣች። ተይ፣ ንብ እርጥበት ያጠፋዋል ብየ መከርኋት። አልሰማችኝም፣ አጠበችው። ንቡ ዳነ። ይኸውልህ እስካሁን ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ስትመጣ፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ አባ፣ ንቡ ደኅና ነው ትለኛለች። ሕዝብ ፊት! ሁለተኛ እኔ በዚህ አልገባም።» ከበር ሲሸኙኝ ግን ካህን ናቸውና፣ «ደግሞ ብለህ ብለህ ውሸት እንዳትዋሽ» አሉኝ።

መዋሸት የሚባል ነገር እስከዚያ ሰዓት በሐሳቤ አልነበረም። ያስታወሱኝ እሳቸው ናቸው።

ወደ እትየ ጥሩ ተመለስኩ። ማንበቢያውን ከነቦርሳው በትከሻዬ አንጠልጥያለሁ። ምስር ለቃሚዎቹ አሁንም አሉ፣ ይሁኑ። እትየ፣ ትናንት አያ አስረስ ሲመጡ ምርመራውን እንደ አዲስ አድርጌው ነበር አልኩ። ይኸ ከፊት የሚታየን ሁሉ ሕመሙ የሚሰማበት ነው እንጂ ሕመሙ የሚነሣው ከዚያ አይደለም አልኩ። ይህ እንኳ እውነት ነው። ይህን ለደንበኛ ሁሉ የምለው ነገር ነው። ቀጥዬ ግን፣ የሚነሣው ከኋላ ነው አልኳቸው።

«ከኋላ የት ላይ?»

መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ይዣቸው ሄድኩ። ከኋላ ጎንበስ ብዬ ከሥር የተንጠለጠለውን ትርፍ ጎማ፣ እኛ ስኮርታ የምንለውን፣ አሳየኋቸው። በጣቴ! ጣቴን በጎማው ዙሪያ አዞርኩት፣ ቦታ እንዳይጠባቸው። ከመኪናዋ ዕቃ ሁሉ ጠበል የማይጎዳው፣ አመድ የማይጎዳው፣ ምንም ሽቦ የማይደርስበት ዕቃ ቢኖር እሱ ነው።

እትየ ጥሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለሉ አይደሉም። ጎማውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ይኸ እኮ አይሠራም። የማይሠራ ጎማ ይታመማል?» አሉኝ።

እትየ፣ ሲሠሩ የዋሉት እኮ ሕመማቸው በሥራ ይወጣላቸዋል አልኩ። ይኸ ግን ምንም ሳይሠራ ሌላው ተሸክሞት የሚዞር ነው። ይኸ ያልታመመ ማን ይታመም? አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እግዜር ይወቅ።

«እውነትህን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ወንድሜ እንዲያ ነው።»

ሐሙስ ዕለት ወርኃዊው በዓል ሆነ። አያ አስረስ እንደነገሩኝ እትየ ጥሩ ነጠላቸውን አደግድገው መኪናዋ ሥር ገብተው ተኝተው ነው የቀቡት። ዙሪያውን፣ ሳያስተርፉ። የፊቱን ወንበር ቀና ብለው አላዩትም።

አርብ ዕለት አያ አስረስ አርብ ገበያ ሄዱ። ደላላው እየጠበቃቸው ነበር። ልያት፣ አብሬዎት ዳገቱን ልውጣ አላቸው። ገበያ የወጣ ሰው ተሳፈረ፣ ምክንያቱም ሌላ መኪና አልነበረም። እህል ላይ ላይዋ ተጫነ። መኪናዋ ዳገቱ ላይ ስትደርስ ሰዉ እንደ ልማዱ ለመውረድ ጫማውን እያጠበቀ ነበር። አያ አስረስ «ነይ! ነይ የኔ እመቤት!» አሉ። መጣች! ሳትለግም፣ ሳታቃስት፣ ወጣች። አንድ ሰው አልወረደም። አናቱ ላይ ሲደርሱ አንዲት ሴት እልል አለች ይባላል። ደላላው ዋጋውን ሊጨምር አፉን ሲከፍት አያ አስረስ አልሰሙትም። ንፋስ መውጫ ድረስ ይዘውት መጥተው፣ የተሳፈረበትን እንኳ ሳይቀበሉት፣ መናኸሪያው ላይ አወረዱት። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ያለቅሱ ነበር። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ አልቅሻለሁ።

ይኸው እስከ ዛሬ ያች መኪና ትሠራለች። ኮድ የሚባል ነገር ደግማ አልጻፈችም። ዳገት ላይ ከኋላዋ የሚመጣ ሁሉ ስኮርታዋ እምነት እንደተቀባ ግንባር ነጥቶ ያያል። ይህን ያዩ ሾፌሮች ምን እንዳደረጉ መቼም አትጠይቁኝም። የአርብ ገበያ መሥመር መኪኖች በሙሉ ስኮርታቸው ነጭ ነው። እኔ ምንም አልልም። ለሽቦ ከሆነ ከዚህ የበለጠ መከላከያ አላውቅም።

ባለፈው ሰሞን እትየ ጥሩ አንድ ጣሳ ማር ይዘውልኝ መጡ። ከዚያው ከቀፏቸው ነው። አመሰገንኩ፣ ወንበር ሰጠኋቸው። ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልንገርህ ልጄ፣ አትቀየመኝ» አሉኝ። «ያኔውኑ ትክክለኛውን ቦታ ብትነግረን ኑሮ ያን ሁሉ ባልተንከራተትን። ስንት ወር የማያማትን ቦታ አስቀባኸኝ! ስኮርታው ላይ በቀባሁ በማግሥቱ አይደል እንዴ የዳነች?»

ምን ልበል? እውነትዎን ነው እትየ፣ ይቅርታ አልኩ።

«አንተን አይደለም የምወቅስ» አሉ። «አንተ ደግ ልጅ ነህ። ያ ኮምፒውተርህ ነው። ቦታ ይስታል። ምን ቢያመው ነው እንዲህ የሚስት?» ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛዬ አስጠጉ። ማንበቢያው ከነቦርሳው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ያመጣሁት፣ እንጀራዬ የሆነው ማንበቢያ። እትየ ጥሩ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ። ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ።

«እስቲ አሳየኝ፣ የት ላይ ነው የሚያመው?» አሉኝ።

ጣቴን አነሣሁና የቦርሳውን ማንጠልጠያ አሳየኋቸው።